የአሰልጣኝነት ጌማችን ለጀማሪ ከበደ፤ የቱን እንቀንስ?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ትምህርታቸውን የጨረሱ ሦስት ጓደኛሞች ለአንድሮይድ ስልክ የእግር ኳስ አሰልጣኝነት ጌም ሠርተዋል። ጌሙን የከፈተ ሰው አንድ የከተማ ክለብ ይረከባል፤ አሰላለፍ ያወጣል፣ ልምምድ ያቅዳል፣ ተጫዋች ያስፈርማል፣ ደመወዝ ይከፍላል። እያንዳንዱ ተጫዋች 24 የችሎታ መለኪያ አለው። «ያስሞከርናቸው ልጆች ኳስ የሚወዱ ናቸው፤ ግን የመጀመሪያውን ወር ሳይጨርሱ ይተዉታል። ምነው ስንላቸው ‹ከባድ ነው› ይሉናል። ግማሹን ቆርጠን ስናወጣ ደግሞ ጌሙን የወደዱት ጥቂቶች ‹ባዶ አደረጋችሁት› አሉን። የቱን እንቀንስ? የዝውውር ገበያውንስ ለጀማሪ ብንዘጋው?» ይላሉ።

ከሠራችሁት ላይ ምንም አትቀንሱ። የላካችሁልኝን ጌም ስልኬ ላይ ጭኜ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ተጫውቼበታለሁ። ውስጡ የታሰበበትና የተለፋበት መሆኑ ያስታውቃል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ ቡድኔ ሲያሸንፍ ለምን እንዳሸነፈ፣ ሲሸነፍም ለምን እንደተሸነፈ ጌሙ አይነግረኝም። በአንድ ሳምንት የልምምዱን ጫና ቀነስኩ፣ አሰላለፉን ከ4-4-2 ወደ 4-3-3 ቀየርኩ፣ አዲስ አጥቂ አስፈረምኩ፤ እሑድ 3 ለ 1 ተሸነፍኩ። ከሦስቱ የጎዳኝ የትኛው ነው? ወይስ ሦስቱም ጠቅመውኝ ተጋጣሚዬ በአቅም በልጦኝ ነው? ይህን የማያውቅ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ምኑን እንደሚነካ ግራ ይገባዋል። ሁለትና ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነበት ስልኩን ያስቀምጣል። «ከባድ ነው» የሚሏችሁ ልጆች ስሜታቸው ይኸው ነው። ግማሹን ስትቆርጡም ያልተሻላቸው ለዚህ ነው፤ የቀረው ግማሽም ምክንያቱን አይናገርማ።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አትሄዱም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው ደብረ ማርቆስ ኳስ የሚያሳይ ቤት ግቡና የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ የሚጫወቱትን ልጆች ጠይቁ። ፋንታሲ ተጫዋቾች በእውነተኛው ሜዳ በሠሩት ልክ ነጥብ የሚያገኙበት የኢንተርኔት ጨዋታ ነው፤ ቀላል ግን አይደለም። 100 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰጥቷችሁ 15 ተጫዋች ትገዛላችሁ፤ 2 በረኛ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይ፣ 3 አጥቂ። ከአንድ ክለብ ከሦስት በላይ መያዝ ክልክል ነው። ከተፈቀደው በላይ ለምትቀይሩት ለእያንዳንዱ ተጫዋች 4 ነጥብ ይቀነስባችኋል። የተጫዋች ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል። የአምበሉ ነጥብ በሁለት ይባዛል። ይህን ሁሉ መመሪያ አንብቦ የተማረ ሰው እኔ አላውቅም። ልጆቹ የተማሩት ነጥቡን እየነኩ ነው። አማካያችሁ 11 ነጥብ ካመጣ ቁጥሩን ስትነኩት ዝርዝሩ ይወጣል፤ 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ ስለተጫወተ 2፣ ግብ ስላገባ 5፣ አመቻችቶ ስላቀበለ 3፣ ቡድኑ ግብ ስላልተቆጠረበት 1። ተከላካይ ሲሆን ግብ ያገባው 6 እንደሚያገኝ፣ ግብ ሳይቆጠርበት ከወጣ ደግሞ 4 እንደሚጨመርለት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ማንም ሳያስተምረው ይገባዋል። ከዚያ በኋላ በነጥብ ተከላካይ ከአጥቂ ይበልጣል ወይስ አይበልጥም ብሎ ከጓደኛው ጋር ሲከራከር ታገኙታላችሁ። ያ ልጅ «ውስብስብ ነገር አልወድም» የሚል ዓይነት ሰው አይደለም። የእናንተም ጌም ደንበኛ እሱ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ ከጨዋታ በኋላ የሚመጣው ገጽ ነው። አሁን ገጹ የኳስ ቁጥጥር መቶኛ፣ የሙከራ ብዛት፣ ማዕዘን ምት፣ ጥፋትና ቢጫ ካርድ ይደረድራል። ለስፖርት ዜና ይሆናል፤ ለአሰልጣኝ ግን ቀጥሎ ምን ላድርግ ለሚለው መልስ የለውም። በምትኩ ምክትል አሰልጣኙ እንዲህ ብሎ ይምጣ፦

«2 ለ 0 ተሸነፍን። ሁለቱም ግቦች የመጡት በቀኝ መስመራችን ነው። ተመላላሽ ተከላካያችን ከ65ኛው ደቂቃ በኋላ ዝሎ ነበር፤ ከአምስቱ ቅያሪ የተጠቀምነው ሁለቱን ብቻ ነው። ለእሑድ ተቀያሪውን ላሰልፍ?»

ከሥሩ ሁለት ቁልፍ ይኑር፤ «አሰልፍ» እና «እሱው ይቀጥል»። እዚህ ውስጥ ያለው ምክንያት አንድ ነው፤ ቢበዛ ሁለት ይሁን። ምክንያቱ የሆነ ቦታና የሆነ ደቂቃ ላይ ይታያል። ጀማሪው «65ኛው ደቂቃ» የሚለውን ሲነካ የተመላላሹ ጉልበት ከደቂቃ ደቂቃ እንዴት እንደወረደ የሚያሳይ መስመር ይከፈትለት። ሁለቱም ቁልፎች ሊመረጡ የሚችሉ መሆናቸውም ቁም ነገር ነው። ደካማው ተመላላሽ በሳምንቱ አርፎ ይመለስ ይሆናል፤ ተቀያሪው ደግሞ ኳስ ማቀበል ያንሰው ይሆናል። መልሱ አንድ ብቻ ከሆነ አሰልጣኝነት ቀርቶ ትእዛዝ መፈጸም ይሆናል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። የሚነገረው ምክንያት እውነት ይሁን። ቆንጆ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቶ በዘፈቀደ እያፈራረቁ ማውጣት ቀላል ነው፤ አንድ ቀን ይሠራል። ግን ጀማሪው የተነገረውን አምኖ ተመላላሹን ቀይሮ ምንም ለውጥ ካላየ፣ ከዚያ ወዲያ ምክትሉ የሚለውን አያነብም። የሐሰት ምክንያት ከዝምታ ይከፋል።

እውነተኛውን ምክንያት ማግኛው መንገድ በእጃችሁ ነው። ውጤቱን የሚያሰላው ኮዳችሁ ደቂቃ በደቂቃ ዕድል የሚያወጣ ቀላል ስሌት ስለሆነ፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ያንኑ ጨዋታ ሥዕል ሳታሳዩ ከጀርባ ደጋግማችሁ ማስላት ትችላላችሁ። መጀመሪያ እንደነበረው አስሉት፤ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ አስሉት። ተመላላሹ በ65ኛው ደቂቃ ቢቀየርስ? አሰላለፉ 4-4-2 ሆኖ ቢቀጥልስ? አዲሱ አጥቂ ባይሰለፍስ? የማሸነፍ ዕድሉን ከፍ አድርጎ የተገኘው ለውጥ እሱ ነው ምክንያቱ። እዚህ ላይ በቁጥር እንዳትታለሉ ተጠንቀቁ። 100 ጊዜ ብቻ ብታሰሉ የማሸነፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ አካባቢ ሲሆን የአንዱ ስሌት ስሕተት በራሱ ከመቶ 5 ያህል ነው፤ ሁለት ስሌት ስታነጻጽሩ የልዩነቱ ስሕተት ከመቶ 7 ይደርሳል። 400 ጊዜ ስታሰሉ ወደ 3.5 ይወርዳል። እንግዲህ ከመቶ 4 ልዩነት አይታችሁ «ጥፋቱ የተመላላሹ ነው» ብትሉ ጨዋታው ያላለውን ነው የምትናገሩት። ልዩነቱ ከመቶ 10 ሲያልፍ ብቻ ተናገሩ። ለሁለቱም ስሌት የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫውን አንድ ዓይነት መነሻ ቁጥር (ሲድ) ብትሰጡት ስሕተቱ ይበልጥ ይጠብላችኋል፤ ስልኩም ብዙ አይደክምም።

ከመቶ 10 የሚያልፍ ምክንያት የማይገኝበት ጨዋታ ብዙ ነው፤ እሱንም ደፍራችሁ ተናገሩት። እግር ኳስ ግብ የሚበዛበት ጨዋታ አይደለም። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እንኳ በአንድ ጨዋታ በአማካይ የሚቆጠረው ሦስት ግብ አካባቢ ስለሆነ የተሻለው ቡድን ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። «ዛሬ የጎደለብን ነገር የለም። 14 ጊዜ ሞክረን አላገባንም፤ እነሱ በሦስት ሙከራ አንድ አገቡ። አሰላለፉን ባንነካው ይሻላል» የሚል ምክትል ለጀማሪ ትልቅ ውለታ ይውልለታል። ይህን የሚነግረው ባጣ ጊዜ ጀማሪ ጥሩውን አሰላለፍ ያፈርሳል፤ ያፈረሰው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት በእውነት ያስሸንፈዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጌሙ ዕጣ ማውጣት ይመስለዋል።

አሁን ወደ አከፋፈቱ ልምጣ። ጌማችሁን ባሕር ዳር አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ለሚሠራ ልጅ ሰጠሁት። ኳስ ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ ነው፤ ባህር ዳር ከተማ የተባለው ክለብ የሚጫወተው ጨዋታ አያመልጠውም። የክለቡን ስምና የማሊያውን ቀለም ሲመርጥ ደስ ብሎት ነበር። ቀጥሎ በጀት ደልድል ተባለ፤ እንዳለ አሳለፈው። ከዚያ የልምምድ ገጽ መጣ፤ ሰባት ቀን፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ 14 ባዶ ሳጥን። ሰኞ ጠዋት ላይ «ሩጫ» አለ፣ ማክሰኞ ጠዋት ላይም «ሩጫ» አለ፤ የቀሩትን ሳጥኖች ወደ ታች እየሳበ አያቸውና መዝለያ ቁልፍ ፈለገ። ሲያጣ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ጨዋታው መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። ከፊቱ ገና የአሰላለፍ፣ የአምበልና የቆመ ኳስ መቺዎች ገጽ ነበሩበት። ስልኩን መለሰልኝ።

ጌሙ በተከፈተ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ዳኛው ፊሽካ ይንፋ። ክለብ ይመረጥ፣ ማሊያ ይመረጥ፣ ቀጥታ ወደ ሜዳ። የመጀመሪያው ጨዋታ ሙሉ ጨዋታ ሆኖ አንድ ውሳኔ ብቻ ይኑረው። ለምሳሌ ምክትሉ፦ «አሰላለፉን ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ አጥቂው ነው። አንዱ ፈጣን ነው፣ ሌላው ረጅምና በጭንቅላት ጎበዝ ነው። የዛሬዎቹ ተከላካዮች ቁመታቸው አጭር ነው፤ ሩጫ ላይ ግን አይታሙም። ማንን ላስገባ?» ይበል። ጀማሪው ረጅሙን ከመረጠ ከመስመር የሚሻገሩ ኳሶች ሲበዙ ያያል። ፈጣኑን ከመረጠም ከኋላ የሚጣልለትን ኳስ ተከላካዮቹ ሲቀድሙት ያያል። ከጨዋታው በኋላ ምክትሉ ምርጫውን ከታየው ጋር ያገናኝለታል። ጀማሪው አንድ ነገር ወሰነ፣ የወሰነው ሜዳ ላይ ታየ፣ ለምን እንደሆነ ተነገረው። ከዚህ የተረፈው የጌማችሁ ነገር ሁሉ የዚሁ ድግግሞሽ ነው።

ውሳኔው ትንሽ ይሁን ስል ጨዋታው ይሸራረፍ ማለቴ እንዳልሆነ የጎጃም ሰው ስለሆናችሁ በቅኔ ቤት ላስረዳችሁ። ዋሸራም ይሁን ዲማ፣ ቅኔ ቆጠራ የጀመረ ተማሪ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ግን ሰም አላት፣ ወርቅ አላት፣ ሙሉ ቅኔ ናት። ከእሷ ወደ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይወጣል፤ እያለ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። መወድስን ቆርሶ ሁለቱን ቤት ብቻ የሚሰጠው መምህር የለም። የእናንተ 14 ሳጥን ግን የተቆረሰ መወድስ ነው፤ ጀማሪው ልምምድ ብቻ ያያል፣ ልምምዱ ያመጣውን ጨዋታ አያይም።

የቀሩት ገጾች መቼ ይከፈቱ ለሚለው፣ በደረጃ ወይም በነጥብ አትቆልፏቸው። ደረጃ 5 ስደርስ ልምምድ ይከፈትልኛል የሚባለው ነገር ከእግር ኳስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የሚከፍታቸው ያው ከጨዋታ በኋላ የሚነገረው ምክንያት ይሁን። ምክትሉ «ተመላላሹ ዝሎ ነበር» ባለበት ዕለት የልምምድ ገጽ ይከፈት፤ ያኔም ስለ ጫና የሚያወራው ክፍል ብቻ፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ። በማዕዘን ምት ግብ ሲቆጠርባችሁ የቆመ ኳስ ገጽ ይከፈት። የአንድ ተጫዋች ውል ስድስት ወር ሲቀረው የውል ገጽ ይከፈት፤ በፊፋ ሕግ ተጫዋቹ ከሌላ ክለብ ጋር ውል መፈራረም የሚችለው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስለሆነ ምክትሉ «ካላናገርነው ሌላ ክለብ ያናግረዋል» ብሎ ቢመጣ ነገሩ በራሱ ያስቸኩላል። ጀማሪው ገጹን የሚያገኘው ሲቸግረው ነው፤ ለምን እንደሚጠቅም ማስረዳትም አያሻችሁም። ፈልጎ ቀድሞ መክፈት የሚሻ ካለ ግን በሩ አይቆለፍበት፤ ከምናሌው ገብቶ ይክፈተው።

እስከዚያው ያልተከፈተውን ሁሉ የሚሠራው ምክትሉ ነው፤ ስለዚህ በምክትሉ አቅም ላይ ብዙ ማሰብ ይገባችኋል። በጣም ጎበዝ ካደረጋችሁት ጀማሪው ሥራውን ከእጁ የሚወስድበት ምክንያት የለውም፤ እንዲያውም ራሱ ሲይዘው ይበላሽበታል። ደካማ ካደረጋችሁት ደግሞ ጀማሪው ባልነካው ነገር ይሸነፋል። እኔ ብሆን ለክለቡ የሚመጥን፣ ቡድኑን በሰንጠረዡ መካከል የሚያቆይ ሰው አደርገዋለሁ፤ ከዚያ በላይ መውጣት የአሰልጣኙ ድርሻ ነው። ከምክትሉ ላይ ሥራ መረከብ በአንድ ንክኪ ይሁን፤ መልሶ ማስረከብም እንደዚያው፣ ያለ ቅጣት። ፈተና የደረሰበት ተማሪ ለሁለት ሳምንት ሁሉንም ለምክትሉ ትቶ አሰላለፍ ብቻ እያወጣ መቀጠል መቻል አለበት፤ አለዚያ በዚያው ይቀራል።

ትልልቆቹ ይህን ችግር እንዴት እንደያዙት ማየት ይጠቅማችኋል። ፉትቦል ማኔጀር መነሻው እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ቻምፒዮንሺፕ ማኔጀር ነው። ተጫዋቾቹን ከ1 እስከ 20 በሚሰጥ ነጥብ ይለካል፤ የመለኪያው ብዛት ከእናንተ ይበልጣል። በ2013 እትሙ «ክላሲክ» የሚባል አጠር ያለ አጨዋወት ጨመረ፤ ጊዜ የሌለው ሰው አሰላለፍና ዝውውር ላይ አተኩሮ ዘመኑን ቶሎ የሚጨርስበት ነው። ከዚያ ጎን ለጎን በዋናው ጌም ውስጥ የልምምዱን፣ የውሉን፣ የምልመላውን ሥራ ለረዳቶች የሚያከፋፍሉበት ገጽ አለው። እኔ ለእናንተ የምመርጠው ሁለተኛውን መንገድ ነው። ሁለት የተለያየ አጨዋወት ማለት ለሦስት ሰው ሁለት ጌም መጠበቅ ነው፤ በቀላሉ የጀመረውም ሰው ወደ ከባዱ ሲሻገር እንደ አዲስ መማር ይሆንበታል። ጌሙን የሚሠራው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 «ፉትቦል ማኔጀር 25» የተባለውን እትም መሰረዙን አስታወቀ፤ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ የአጠቃቀሙና የገጾቹ ሁኔታ የሚፈለገው ደረጃ ላይ አለመድረሱ ነው። ከ30 ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ድርጅት በዚሁ ጉዳይ አንድ ሙሉ እትም እስከ መሰረዝ ከደረሰ፣ የእናንተ ልጆች በመጀመሪያው ወር ተዉት ብላችሁ ቅር አይበላችሁ።

24ቱ መለኪያዎች ይቆዩ፤ ሁሉም አንድ ላይ ግን አይታዩ። ተጫዋቹ ሲነካ ለቦታው የሚያስፈልጉት አራቱ ብቻ ይውጡ። ለመሀል ተከላካይ ኳስ ማስጣል፣ ቦታ አያያዝ፣ የአየር ላይ ኳስና ፍጥነት ይበቃሉ። ያው ልጅ አማካይ ሆኖ ሲሰለፍ አራቱ ይቀየሩ። የቀሩት ሃያው ከታች በአንድ ንክኪ ይከፈቱ፤ ደጋግሞ የከፈተ ሰው ካለ ሁልጊዜ ተከፍተው ይቆዩለት። ቁጥሩን በቃል መተካትም ይቻላል። ከስዊድን የመጣው ሃትሪክ የሚባለው የኢንተርኔት ጌም፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ያለ ነው፣ የተጫዋችን ችሎታ በቃል ደረጃዎች ይገልጻል። ለእናንተ ግን ቁጥሩ ቢቀጥል ይሻላል፤ «ጥሩ» እና «በጣም ጥሩ» መካከል ያለው ርቀት ስንት እንደሆነ ጀማሪ አያውቅም፤ 13 እና 16 ሲባል ያውቃል። ከቁጥሩ ጎን የቡድኑን አማካይ በቀጭን መስመር ብታሳዩት «16 ብዙ ነው ወይ?» የሚለውም ይመለሳል።

ስለ ገጾቹ መልክ ጥቂት ልበል። ፊደላችሁ ትንሽ ነው። የአማርኛ ፊደል ልዩነቱ በጥቃቅን ጭረት ስለሆነ ለላቲን የሚበቃው መጠን ለእኛ አይበቃም፤ ርካሽ ስልክ ላይ ጢና ጣ አይለዩም። «የልምምድ መርሐ ግብር» የሚለው ቁልፍ በእኔ ስልክ ላይ «የልምምድ መር…» ሆኖ ተቆርጧል፤ «ልምምድ» ብቻ በሉት። ለጣት የሚሆን ቁልፍ ቁመቱም ስፋቱም ከ48 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ) እንዳያንስ የአንድሮይድ መመሪያ ራሱ ይመክራል፤ የቅያሪ ቀስቶቻችሁ የዚያ ግማሽ ይሆናሉ። ቀኑ ደግሞ በእኛ ይሁን። ጌማችሁ ጨዋታውን «ኦክቶበር 19፣ 16:00» ይላል፤ ባሕር ዳር ስታዲየም የሚሄድ ሰው የሚያውቀው ጥቅምት 9ን፣ ከቀኑ 10 ሰዓትን ነው። ሜዳ ላይ ያሉትንም ነገሮች በሬዲዮ በሚጠሩበት ጥሯቸው። ጌሙ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱን ወድጄዋለሁ፤ እንዳትነኩት። አንድ ነገር ብቻ ጨምሩበት፤ ጨዋታ እየተካሄደ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ቢጠፋ ከቆመበት ደቂቃ ይቀጥል። መብራት በሚሄድበት አገር ጀማሪን ከሚያስመርሩት ነገሮች አንዱ በ80ኛው ደቂቃ እየመራ የነበረን ጨዋታ እንደገና መጀመር ነው።

ነባሮቹ «ባዶ አደረጋችሁት» ያሏችሁ እውነታቸውን ነው። ለእነሱ ክለብ በሚመረጥበት ገጽ ላይ «ሁሉንም ራሴ እይዛለሁ» የሚል አንድ ቁልፍ አስቀምጡ። የነካው ሰው ምክትሉን ሥራ ያስፈታዋል፣ ሁሉም ገጽ ከመጀመሪያው ቀን ይከፈትለታል። ከጨዋታ በኋላ የሚነገረው ምክንያት ግን ለእነሱም ይቀጥል። ከጀማሪው የበለጠ የሚመረምሩት እነሱ ናቸው፤ ስሌታችሁ የተሳሳተበት ቦታ ካለም ቀድመው የሚያገኙላችሁ እነሱ ይሆናሉ።

ቀስት እያሳየ «እዚህ ንካ፣ አሁን እዚህ ንካ» የሚለውን ማለማመጃ አውጡት። ፕሌይስቴሽን ቤት ያለው ልጅ አንዱንም ሳያነብ ነው ያለፈው።

ሙከራውን እንዴት እንደምታካሂዱ አልጠየቃችሁኝም፤ ግን ያለ እሱ የነገርኳችሁ ሁሉ ግምት ነው። የአጠቃቀም ጥናት ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው አብዛኛውን ችግር ለማየት አምስት ሰው ይበቃል፤ አምስቱን አይቶ፣ አስተካክሎ፣ እንደገና ሌላ አምስት ማየት። አብረዋችሁ ኮምፒውተር የተማሩትን አትምረጡ። ሻይ ቤት ያለውን፣ ባጃጅ የሚነዳውን፣ ለክረምት ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም የሚመጣውን የአክስት ልጅ፣ ኳስ የምትወድ እህታችሁን አስሞክሩ። ስልኩን ስጡና ዝም በሉ። ዝምታው ከባድ ነው፤ ሲቸገሩ እያያችሁ «እሱ ጋ ተጫን» ማለት ያምራችኋል፤ ያችን ያሏት ጊዜ ሙከራው አበቃ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ሲሸነፉ ብቻ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ለምን የተሸነፍክ ይመስልሃል?» መልሱን ቃል በቃል ጻፉ። ከአምስቱ አራቱ ስሌቱ ካገኘው ምክንያት ጋር የሚገጥም ነገር ከተናገሩ ያ ገጽ ተሳክቷል። «እንጃ» የሚል ከበዛ ሌላውን ሁሉ አቁማችሁ ወደዚያ ገጽ ተመለሱ።

የዝውውር ገበያውን አትዝጉት። ልጆቹ ጌሙን የሚከፍቱት ግማሹ ለዝውውር ነው፤ ከነሐሴ ጀምሮ ማን የት ሄደ ሲባባሉ የሚከርሙ ልጆች ናቸው። የከበዳቸው ከ600 ስም ውስጥ ፈልግ መባላቸው ነው። የመጀመሪያው የዝውውር መስኮት ሲከፈት ምክትሉ ሦስት ተጫዋች ብቻ ይዞ ይምጣ፤ ሦስቱም እስካሁን በተነገረው ምክንያት የተመረጡ ይሁኑ። ቡድኑ በቀኝ መስመር ሲጎዳ ከርሞ ከሆነ ሦስቱም የቀኝ ተመላላሽ ናቸው፤ አንዱ ውድና ዝግጁ፣ አንዱ ወጣትና ገና፣ አንዱ በውሰት የሚገኝ። በእያንዳንዱ ሥር አንድ መስመር ይጻፍ፤ «ይህን ካስፈረምን በየወሩ ለደመወዝ የሚተርፈን ይህን ያህል ነው»። ሙሉው የ600 ስም ዝርዝር «ራሴ ልፈልግ» ለሚል ሰው ከጎን ይቀመጥ። ምክትሉ ሐሳቡን ሲጠየቅ ደግሞ በውሰት የሚገኘውን ይምከር። በውሰት የመጣ ተጫዋች ባይሆን እንኳ ዘመኑ ሲያልቅ ወደ ክለቡ ይመለሳል፤ የሦስት ዓመት ውል ያስፈረሙት ግን ባይሆንም ደመወዙ ሦስት ዓመት ይከፈላል። ጀማሪው የመጀመሪያ ፊርማው ላይ ቢሳሳት በሚቀጥለው ዘመን መስከረም ላይ ከነሙሉ በጀቱ እንደገና መሞከር ይችላል።